ኮሶ የጠጣሁ ዕለት

ካሴቱ የመጣው በ1990 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። የመን እየተመላለሰ ቅመም የሚነግድ አንድ የመርካቶ ሰው ለልጄ ለሙኒራ ሰጣት። እሷም ጎፋ ቤታችን ይዛው መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ቆማ አየችኝ።

“አባ፣ ወንድምህ በሕይወት አለ” አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።

ሙኒራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈልገው ነበር። ጅዳ ሦስት ዓመት ስለሠራች አረብኛ ትሰማለች፣ ትጽፋለች። የመን ውስጥ ወዳለው ወደ አባቴ አገር ወደ ሐድረሞት የሚሄድ ሰው ባገኘች ቁጥር የአባቴን ስም፣ የአባቱን ስምና የአገሩን ስም በወረቀት ጽፋ ትሰጥ ነበር። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፋ የዘር ሐረጋችንን ስላበታለች። በእናቴ በኩል ስልጤ ድረስ ሄዳ ሽማግሌ ጠይቃ ዘጠኝ ቤት ቆጥራለች። በአባቴ በኩል አራት ላይ ቆማለች። ከእኔ ስም አጠገብ “ያሲን” የሚል ተጽፎ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል። በበጋው አጋማሽ የሐድረሞቷ ከተማ ሙከላ ልትሄድ ቆርጣ ገንዘቧን አዘጋጅታለች። እኔንም ልትወስድ ትፈልጋለች። እኔ እንደማልሄድ ነግሬያታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

ካሴቱን አስገባችው። የሽማግሌ ድምፅ ነው። እኔ አረብኛ ከሶላት በቀር አላውቅም። እሷ እያቆመች ነገረችኝ።

“ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው ይላል። ስኳር ዓይኑን እያደከመው ነው። አምስት ልጆች አሉት። አባታችን የሞተው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ነው ይላል። ቤቱን አያስታውሰውም። የላምባ ሽታና የሚጮህ ምሰሶ ብቻ ትዝ ይለዋል።”

“ነፋስ ስልክ ነዋ” አልኩ።

“ቆይ አባ። ጥያቄ አለው።” ወደ ኋላ መልሳ ደግማ ሰማችው። ፊቷ ተለወጠ። “ያሳደገችኝ የአባቴ ሚስት፣ እናትህ መርጣ ሰጠችህ ትለኝ ነበር፤ ታላቅህን አስቀርታ አንተን ሰጠችህ ትለኝ ነበር ይላል። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ ለምን እኔን? ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም ይላል።”

ካሴቱን አጠፋችው።

“የእንጀራ እናት ነገር!” አለች። “አያቴ እንዲህ አታደርግም። ዛሬውኑ ውሸት ነው በለው፤ በካሴት እንቅዳለት።”

“ነገ” አልኳት። ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በ1938 ዓ.ም. ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ያሲን አምስት። አባታችን ሳለህ ነፋስ ስልክ መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ላምባ፣ ስኳር፣ ክር፣ ጥቂት አቡጀዲ ይሸጣል። ሰዉ አረቡ ይለዋል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም ነበርና ለዚያ ብለው የሚመጡም ነበሩ።

“አረቡ! ስኳርህ ዛሬም ድንጋይ አለበት?” ይለዋል አንዱ አህያ ነጂ።

“ድንጋይዋን በነፃ ሰጠሁሽ። አንቺ ሰውዬ፣ አትጨቅጭቂኝ።”

ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። እኔ አባቴ ከሁሉም በላይ ቀልደኛ ይመስለኝ ነበር።

ሱቁን አለፍ ሲሉ የስልኩ ምሰሶዎች ነበሩ። ነፋስ ሲነሳ ሽቦው ያፏጫል፣ ይጮኻል። አባቴ አሱር ከሰገደ በኋላ ደጅ ወጥቶ ወደዚያ እያየ ይቆም ነበር። እኔ አገሩ በሽቦው ውስጥ የሚያናግረው መስሎኝ ዝም ብዬ አጠገቡ እቆማለሁ። ምን እንዳሉት ግን አልጠይቀውም። አሁን ሳስበው ሱቁ ባዶ ስለነበረ ነው የሚቆመው። ከጦርነቱ በኋላ ላይኛው መንገድ ላይ ሌላ ትልቅ ሱቅ ተከፍቶ ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ሄዶ ነበር።

ከሱቁ በስተጀርባ አንድ ክፍል ነበረችን። መሐሏ በመጋረጃ ተከፍላለች። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

“እናቴ አርጅታለች” አለ አባቴ። “ወንድ ልጅ አምጪልኝ ብላ ልካለች። አገሩን ይወቅ፣ ቁርኣን ይቅራ።”

“እዚህ አይቀራም?” አለች እናቴ። ስሟ ቀመሪያ ነው። ድምፅዋ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነበር።

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የሀበሻ ልጅ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።”

“ስንት ጊዜ ነው?”

“እስኪያድግ።”

“ካደገ በኋላስ?”

“አላህ ያውቃል።”

“አንተስ?”

ለዚህ የመለሰው አልተሰማኝም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ እሄዳለሁ። አባቴ “ባሕር አሳይሻለሁ” ብሎኝ ነበርና ባሕር አይቼ የምመለስ መሰለኝ። ለአረፋ የምደርስ መሰለኝ። ልብስ ሰፊ ቤት ወስዶ ረጅም ነጭ ቀሚስና ኮት አሰፋልኝ። ኮቱ ሦስት ቁልፍ ነበረው። ያሲን በየቀኑ እየመጣ ቁልፎቹን ይቆጥራቸዋል። እጁን መትቼ አባርረዋለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉመቤት የሚባሉ ክርስቲያን ሴት ነበሩ። ኮሶ ይሸጣሉ። የሰፈሩ ልጆች ሲጣሉ “ኮሶ ሻጭ ወለደችህ” ይባባላሉ እንጂ፣ በሁለት ወሩ ወላጆቻቸው ሁሉ እሳቸው በር ላይ ናቸው። ከእናቴ ጋር ጠበልና ዘምዘም ሳይለያያቸው ይዋደዱ ነበር። ለእኛ ለልጆቹ ቆሎና ዳቦ ይሰጡናል። ሥጋ ግን አያቀርቡልንም፤ ያውቃሉ።

ከመሄጃዬ ሦስት ቀን በፊት እሳቸው ቤት ማንም በሌለበት ገባሁ። ከፋሲካ የቀረ ቋንጣ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። ሁለት ቁራጭ በጥሼ በላሁ። የክርስቲያን ሥጋ። ሲያልቅ ነው የፈራሁት። ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። አባቴ አገር የሚሄድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ይዞ መርከብ ላይ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አሰብኩ። መርከቡ የሚሰምጥ መሰለኝ።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ማታ ላይ እናቴ ለያሲን ብቻ እራት አቀረበች።

“የኔስ?” አልኳት።

“አንተ ዛሬ አትበላም። ሆድህ ይረፍ።”

አወቀች አልኩ በልቤ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ከሱብሒ በኋላ ጋሪ ሊጠራ ወጣ። የጅቡቲው ባቡር ከለገሃር የሚነሳው በረፋድ ነው። እናቴ ከመጋረጃው በስተጀርባ ጠራችኝ። በእጇ ትልቅ ዋንጫ ይዛለች። ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ።

“ኮሶ ነው። ጠጣ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም። አፍንጫህን ያዝ። ለአባትህ እንዳትነግር።”

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ለአባቴ ልትደብቅልኝ ነው! ሥጋውን ከሆዴ አውጥታ አጥርታ ልትልከኝ ነው! ኮሶ መራራ ነው፤ ጠጥቶ ያላወቀ ሰው አይገባውም። አፍንጫዬን ይዤ አንድም ሳላስቀር ጠጣሁ። አተላው ዋንጫው ሥር ቀረ። ምንም እንዳይቀርብኝ ብዬ በጣቴ ጠርጌ ላስኩት።

እናቴ ዋንጫውን ከእጄ መነጨቀችኝ።

“በቃ! በቃ አልኩህ!” አለች።

የተቆጣችኝ በቋንጣው መሰለኝ።

ፀሐይ በሩ ላይ ስትደርስ መቆም አቃተኝ። አስመለሰኝ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና አስመለሰኝ። ላቤ ቀዘቀዘ። አባቴ ከጋሪው ወርዶ ሲገባ ምንጣፉ ላይ ተጠቅልዬ አገኘኝ። ግንባሬን በእጁ ጀርባ ዳሰሰኝ።

“ምን በላሽ?” አለኝ።

“ምንም።”

“እውነቱን ንገሪኝ።”

ቋንጣውን አሰብኩ። “ምንም አልበላሁም አባ።”

እናቴ በሩን ተደግፋ ቆማለች። “ጠዋት ነው የጀመረው” አለች።

“ጅቡቲ ሐኪም ይመረምራል” አለ አባቴ። “የታመመ ልጅ መርከብ ላይ አያወጡም። እኔንም ይመልሱኛል።”

“እንግዲያው አንተ ሂድ። ልጁን ሌላ ጊዜ መጥተህ ትወስደዋለህ።”

አባቴ ባዶውን ሱቅ አየ። ዞሮ ደጁን አየ። ያሲን የእንጨቱ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን እያወዛወዘ ነበር።

“ትንሹ ይመጣል” አለ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዝምታ ስንት ጊዜ እንደለካሁት አላውቅም። በልጅነቴ በጣም አጭር ነበር። አሁን ረጅም ነው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ባቡር ነበረ። እናቴ “ኮሶ አጠጥቼው ነው፣ ነገ ይነሳል” ብትል አባቴ ይመታት ይሆናል እንጂ ይጠብቅ ነበር። እኔ እሄድ ነበር፤ ያሲን ይቀር ነበር። ያንን ታውቃለች። እኔን አየችኝ። ያሲንን አየችው። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ቀጥላ ነጩን ቀሚስና ኮቱን አነሳች። ያሲንን አለበሰችው። ቀሚሱ መሬት ይጠርጋል። እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፈችለት። አላለቀሰችም። የጫማውን ጠፍር አጠበቀችለት፣ ፊቱን በምራቋ ጠረገችለት። እኔ ምንጣፉ ላይ ሆኜ ልብሴን እያየሁ በቅናት እነድ ነበር። ኃጢአቴን አውቃ ጉዞዬን ለሱ የሰጠችው መሰለኝ።

ያሲን እየተደናቀፈ መጣ።

“አብዱ፣ ባሕሩን አይቼ ልንገርህ?”

ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

የጋሪው ድምፅ ሲርቅ ሰማሁ። እናቴ ሱቁ ደፍ ላይ እስከ ቀትር ሶላት፣ እስከ ዙሁር ተቀምጣ ነበር። አንድ ሰው ጨው ሊገዛ መጥቶ ሁለት ጊዜ ጠርቷት ሄደ።

አባቴ አልተመለሰም። አንድ ደብዳቤ ብቻ ከአደን ወደብ መጣ። ሱቁ ተዘጋ። እናቴ ከሰል መሸጥ ጀመረች። እኔ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ጋራዥ ገባሁ። ከዚያ ዕለት በኋላ እናቴ አንድም ቀን አላጎረሰችኝም። ለጎረቤት ልጅ ታጎርሳለች። በኋላም ለሙኒራ ታጎርስ ነበር። ለእኔ ግን ሳህኑን ታስጠጋልኛለች እንጂ እጇን አትዘረጋም። አፌ ስለረከሰ ነው ብዬ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር አመንኩ።

እናቴ በ1967 ዓ.ም. ሞተች። ሙኒራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እትዬ ሙሉመቤት በምርኩዝ ለቅሶ መጡ። ዓይናቸው ጠፍቷል። አጠገቤ አስቀመጧቸው። ሰዉ ቀለል ሲል ክንዴን ያዙኝ።

“አንተ ልጅ፣ እኔም መሄጃዬ ነው። ይህን ይዤ አልሄድም” አሉኝ። “ያን ጊዜ እናትህ የጎልማሳ ልክ ኮሶ ስጪኝ አለችኝ። ለማን ነው ብላት፣ ለአብደላ አለች። ይገድለዋል አልኳት። ከሞተም እዚህ ይሙት፤ መቃብሩን አውቀዋለሁ አለችኝ።”

እጃቸው ክንዴን አልለቀቀም።

“ለትንሹም ልስጥሽ ወይ ብያት ነበር። እሱን ማን ይፈልገዋል፣ ገና ሕፃን ነው አለችኝ።” እያለቀሱ ነበር። “አስቤው ነበር። ማስገደድ ነበረብኝ።”

“ቋንጣውስ?” አልኳቸው።

“የምን ቋንጣ?”

ለካ ማንም አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ ሙኒራ ባዶ ካሴት ገዝታ፣ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ከጎኑ የምትወስደው ዕቃ ዝርዝር አለ፤ በርበሬ፣ ማር፣ ለአምስቱ ልጆች አምስት ጋቢ። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሃያ ሦስት ዓመት ለማንም አልነገርኩም ነበር።

“አትንገረው” አለችኝ ስጨርስ።

“ጠየቀኝ እኮ።”

“ቢጠይቅህስ? ‘አልመረጠችም፣ አባትህ ነው በግድ የወሰደህ’ በለው። እሱም እውነት ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሽማግሌ ሆኗል አባ፣ ዓይኑም እየጠፋ ነው። አሁን ይህን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል?”

“እኔም ሽማግሌ ነኝ። ጠቅሞኛል።”

“አንተን ለማስቀረት ልትገድልህ እንደነበረ ማወቅ ነው የሚጠቅምህ? እሱ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። አንተን አስባ ተጨነቀች፣ እኔን ረሳችኝ ነው የሚለው።”

“አልረሳችውም። ይወስዱታል ብላ አላሰበችም።”

“በኋላስ? ልብሱን ስታለብሰው? ያኔስ?”

ልጄ አስተዋይ ናት። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት የቆምኩበት ቦታ በአንድ ቀን ደረሰች።

“ያኔ መረጠች” አልኳት። “በአንድ ትንፋሽ መረጠች። ትክክል ነው አልልም። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ብልሃት የነበራት ግን ለአንዱ ብቻ ነው።”

ፊቷን አዞረች። ግድግዳው ላይ ያለው ሐረግ ፊት ለፊቷ ነው። የአያቷ ስም መሐሉ ላይ በቀይ ተጽፏል።

“እሺ፣ እንዲህ ብለህ ልትቀዳለት ነው?”

ቴፑን አስጠግታ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነቻቸው። መዞር ጀመረ። አፌን ወደ ማይክሮፎኑ አቀረብኩ። እሷ ወደ አረብኛ ልትመልሰው ወረቀት ይዛለች። “ያሲን” አልኩ። ካሴቱ ሲዞር ቆየ። ልጆቹ ተሰብስበው፣ አንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርገው፣ እሱ መሐል ተቀምጦ ሲሰማ ታየኝ። ሰምቶ ሲጨርስ የሚዞርበት ሰው የለም።

አጠፋሁት።

“ምን ሆንክ?” አለችኝ።

“ይህ ለካሴት አይነገርም።”

“እንግዲያው ተወው። እኔ ስሄድ ቀስ ብዬ...”

“አንቺም አትነግሪውም። ሲሰማ ይናደዳል። መናደድ አለበት፤ አምሳ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነው። የሚናደድበት ሰው ያስፈልገዋል። እናታችን የለችም። አባታችንም የለም።” ወንበሩን ይዤ ተነሳሁ። “እኔ አለሁ።”

ሙኒራ ዝርዝሩን ወደ ራሷ ሳበች። እስክሪብቶውን ይዛ የምትጽፍ መስሎኝ ነበር፤ አልጻፈችም። እንባዋን በእጇ መዳፍ ጠረገች።

“ፓስፖርቱ አራት ፎቶ ይፈልጋል” አለችኝ። “ነገ በጠዋት ፎቶ ቤት እንሄዳለን። ጢምህን ተላጭ፣ አባ። እንዲህ ሆነህ ካየህማ ወንድሜ አይደለም ይላል።”